ራውተሩ አልሞተም፤ የደከመው ካፓሲተሩ ነው

ይህ ለኔትወርክ ሠራተኞችና ጥገና ለሚወዱ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሲሆን አንዳንድ ቦታ አስፍቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጠዋት አልነሳ የሚል፣ ከሰዓት ግን ምንም እንዳልሆነ የሚሠራ ራውተር ገጥሟችሁ ያውቃል? አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ራውተር ይዞልኝ መጣ። ማታ ያጠፋዋል። ጠዋት ሲሰካው የፓወር መብራቷ ትበራለች፣ ሌሎቹ ብልጭ ይሉና ይጠፋሉ፣ እንደገና ብልጭ፣ እንደገና ድርግም፣ እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆያል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ይነሳና ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሪሴት አድርጎታል። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ራውተሩ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር፣ እንደገና ጭኖበታል። ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደውሎ ተከራክሯል። አዲስ ሊገዛ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ክዳኑን ፈታሁት። ዓይን ላይ የሚወድቅ ነገር የለም፤ ቦርዱ ንጹሕ ነው፣ የተቃጠለ የለም፣ የሚሸት የለም። የፀጉር ማድረቂያ አመጣሁና ኃይል የሚገባበትን የቦርዱን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል አሞቅኩት። ከዚያ ሰካሁት። በአንዴ ተነሳ። ወዳጄ አንዴ ራውተሩን፣ አንዴ ማድረቂያውን ያያል። እንዲቀዘቅዝ ትተነው ቆየንና እንደገና ሰካነው፤ እምቢ አለ። በቃ፣ ምርመራው አለቀ። ሁለት ካፓሲተር ቀየርኩለት።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚያ ሁለት ካፓሲተሮች ነው። ልነግራችሁ የምፈልገውም አንድ ነገር ነው። ራውተር እንግዳ ጠባይ ሲያመጣ ሶፍትዌሩን ከመነካካታችሁ በፊት ኃይሉን እዩ። እኛ ኔትወርክ ላይ የምንሠራ ሰዎች ችግርን ከላይ ጀምረን ወደ ታች መፈለግ ለምዶብናል። ዲኤንኤሱን እናያለን፣ የዋይፋይ ቻናሉን እንቀያይራለን፣ ፋየርዎሉን እንጠረጥራለን። ከሁሉም ሥር ያለውን፣ 12 ቮልቱ በትክክል እየገባ መሆኑን ግን የምናየው ሌላው ሁሉ ሲያልቅብን ነው። ይሄ ልማድ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ አስጥሏል፤ ይቆጨኛል።

ካፓሲተር ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልበል። ውሃ እየተቆራረጠ የሚመጣበት ቧንቧ አስቡ። በቀጥታ ከቧንቧው ብትቀዱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቆማል። ከሥሩ በርሜል ካስቀመጣችሁና የበርሜሉን ቧንቧ ከታች ከከፈታችሁ ግን ከላይ እየተቆራረጠ ቢገባም ከታች የሚወጣው ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ራውተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ከአዳፕተሩ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ይገባል። ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪውና የዋይፋይ ቺፑ ግን 12 ቮልት አይችሉም፤ የሚፈልጉት 3.3፣ 1.8 ወይም 1.2 ቮልትና ከዚያም በታች ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ቺፕ 12 ቮልቱን በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ በጥቅል ሽቦ በኩል ያሳልፈዋል። ከጥቅል ሽቦው ቀጥሎ የቆመው ካፓሲተር ያንን የተቆራረጠ ኃይል ተቀብሎ ለስላሳ አድርጎ ያወጣዋል። በመግቢያው በኩልም ሌላ በርሜል አለ፤ እሱ ከአዳፕተሩ የሚመጣውን ይቀበላል።

ቦርዱ ላይ ቆመው የምታዩአቸው ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉት እነዚህ ናቸው። ውስጣቸው ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ አለ። በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት አለ። ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳያልፍ የሚከለክለው ደግሞ አንዱ አሉሚኒየም ላይ የተሠራ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ከታች እግሮቹ የሚወጡበት ቀዳዳ በጎማ ተደፍኗል። ጎማው ቢጠብቅም ለዘላለም አይደለም። ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይተናል። ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል።

ፈሳሹ ሲቀንስ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ በርሜሉ ይጠባል እንበል። ሁለተኛውና ዋናው ኢኤስአር የሚባለው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል። በበርሜሉ ምሳሌ ከሄድን ቧንቧው ደለል ሞላው ማለት ነው። በርሜሉ ሙሉ ነው፣ ግን ስትከፍቱት ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ የሚይዘው መጠን 470 ማይክሮፋራድ የሆነ አዲስ ካፓሲተር ኢኤስአሩ ወደ 0.05 ኦም ገደማ ነው። ሲደክም 1 ኦምና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። የዋይፋይ ቺፑ መረጃ ሊልክ ሲነሳ ከረንቱ በድንገት በ1 አምፔር ቢዘል፣ ጤነኛው ላይ የሚጠፋው 0.05 ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። የደከመው ላይ ግን 1 ቮልት ሙሉ ይጠፋል። ከ3.3 ቮልት ላይ 1 ቮልት ሲወድቅ ፕሮሰሰሩ ኃይል የጠፋ መስሎት ከዜሮ ይጀምራል።

የወዳጄ ራውተር ጠዋት የማይነሳውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ኤሌክትሮላይት ሲቀዘቅዝ ኢኤስአሩ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። አዲስ ካፓሲተር ላይ ልዩነቱ አያስቸግርም። የደከመ ካፓሲተር ግን ገደሉ ጫፍ ላይ ነው የቆመው፤ የጠዋት ብርድ ትንሽ ሲገፋው ይወድቃል። ሊነሳ እየሞከረ እየወደቀ፣ እየሞከረ እየወደቀ፣ በዚያው ራሱን በራሱ ያሞቅና ይነሳል።

አሁን ስለ ሙቀት። ይሄን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። ካፓሲተሩ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት የሙቀት ቁጥሮች አንዱን ታገኛላችሁ፤ 85 ወይም 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከዚህ ጋር አምራቹ የሚሰጠው የሰዓት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2000 ሰዓት በ105 ዲግሪ። ዓመት 8760 ሰዓት ነው፤ 2000 ሰዓት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። አትደንግጡ፣ ቁጥሩ በ105 ዲግሪ ላይ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። እናስላው። ያው ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ላይ ቢሠራ 32000 ሰዓት፣ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ነው። በ55 ዲግሪ 64000 ሰዓት፣ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ልብ በሉ፣ የ10 ዲግሪ ልዩነት ነው ይሄን ያመጣው። 85 ዲግሪ የተጻፈበትና 2000 ሰዓት የሚለው ርካሽ ካፓሲተር ደግሞ በ65 ዲግሪ የሚቆየው 8000 ሰዓት ነው። 11 ወር። ዋስትናው ባለቀ ማግሥት የሚበላሽ ዕቃ ሲገጥማችሁ ይሄን ስሌት አስታውሱ።

ራውተር ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን ማታ ማታ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም። ብዙ ቦታ ሌት ተቀን እንደበራ ነው። ማራገቢያ የለውም። ሳጥኑ ጠባብ ነው። ያንን ሳጥን ቁም ሳጥን ውስጥ እንዘጋበታለን፣ ጨርቅ እንደርብበታለን፣ ከታቹ ስዊች ከላዩ ሞደም እንቆልልበታለን። ከታች ያለው ያሞቀዋል፣ ከላይ ያለው ያፍነዋል። መነጣጠልና ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ብቻ ስንት ዲግሪ እንደሚቀንስ በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቁታላችሁ።

በሙቀት ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካው ታሞ የወጣም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 አካባቢ እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በተመረቱ ብዙ ካፓሲተሮች ውስጥ የገባው ኤሌክትሮላይት ችግር ነበረበት። ውሃ በብዛት ነበረው፤ ውሃው አሉሚኒየሙን እንዳይበላ የሚከለክለው ቅመም ግን በትክክል አልገባም። ውሃና አሉሚኒየም ሲገናኙ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቆርቆሮውን ይነፋዋል፣ ከዚያ ይፈነዳል ወይም ያፈስሳል። ማዘርቦርድ፣ ሞኒተር፣ ሞደም፣ ያልተነካ አልነበረም። ዴል እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ ምክንያት የተበላሹ ኮምፒውተሮችን ለማስጠገን 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። በአንድ ፍሬ ሳንቲም ዋጋ በሚለካ ዕቃ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ ሳትከፍቱ አትመኑት።

እሺ፣ እንዴት እንለየዋለን?

መጀመሪያ አዳፕተሩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ አዳፕተሩ። አዳፕተሩም ውስጥ ካፓሲተሮች አሉ፤ እንዲያውም እዚያ ሙቀቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ድፍን ነው። ሌላ ጤነኛ አዳፕተር ፈልጋችሁ ሞክሩ። ቮልቴጁ እኩል ይሁን፤ 12 ለ12፣ 9 ለ9። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ራውተሩ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። የሶኬቱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥም አንድ መሆኑን ጀርባው ላይ ካለው ሥዕል አረጋግጡ። እኔ ጋ የሞተ ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ስንቱ አዳፕተር በመቀየር ብቻ እንደተመለሰ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ አዳፕተሩን በመልቲሜትር ለካሁት፣ 12 ቮልት ይላል፣ እንዴት ተበላሸ ይባላል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባዶውን ስትለካው 12 ይላል፤ ማንም አልጎተተውም። ራውተሩ ተሰክቶ፣ ዋይፋዩ እየሠራ፣ በዚያ ሰዓት ለካው። ወደ 10 ከወረደ ወይም ቁጥሩ አልረጋ ካለ አዳፕተሩ ደክሟል። መልቲሜትሩ 12 ብሎ ቢረጋም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ አታውጡት። ተራ መልቲሜትር የሚያሳያችሁ አማካዩን ነው፤ በሺኛ ሰከንድ ውስጥ የሚወርደውን አያይም። ቮልቴጁ እየዘለለ መሆኑን በዓይን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ኦሲሎስኮፕ ከሌላችሁ ጤነኛ አዳፕተር መቀየሩ ከሁሉም ይበልጣል።

አዳፕተሩን ግን አትክፈቱ። ይሄን በቁም ነገር ነው የምለው። ከግድግዳው የሚገባው 230 ቮልት ሲስተካከል 325 ቮልት ይሆናል፤ ያ ሁሉ የሚከማችበት አንድ ካፓሲተር አዳፕተሩ ውስጥ አለ። ከግድግዳው ከነቀላችሁት በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎቹ ደግሞ ፕላስቲካቸው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ሰብራችሁ ከፍታችሁ መልሳችሁ በደንብ አትዘጉትም። አዳፕተር ቀይሩት እንጂ አትጠግኑት። የራውተሩ ቦርድ ግን 12 ቮልት ነው፤ እሱ ላይ ልባችሁ ይረጋጋ።

አዳፕተሩ ጤነኛ ከሆነ ክዳኑን እንፍታ። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከሥሩ፣ ጎማ እግሮቹ ወይም ስቲከሩ ሥር ተደብቀዋል። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት በጣት ዳብሱት። ከተከፈተ በኋላ የካፓሲተሮቹን አናት በጎን ብርሃን እዩ። ጤነኛው አናቱ ጠፍጣፋ ነው። አናቱ ላይ የመስቀል ወይም የሌላ ፊደል ቅርጽ ያለው ጭረት አለ፤ ውስጡ ግፊት ሲበዛ እዚያ ጋ እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ ነው። ትንሽ እንኳ ጎበጥ ካለ አልቆለታል። ቡናማ ነገር ካፈሰሰ አልቆለታል። ከሥሩ ጎማው ወጥቶ አዘንብሎ ከቆመም እንደዚያው። ግን አንድ ስህተት አትሥሩ። አንዳንድ አምራቾች ካፓሲተሩ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ቢጫ ማስቲሽ ያደርጉበታል፤ እሱ ፍሳሽ አይደለም። ጠንካራና የሚላጥ ከሆነ ማስቲሽ ነው።

ጠፍጣፋ አናት ግን የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። የወዳጄ ራውተር ላይ የነበሩት ሁለቱም ጠፍጣፋ ነበሩ። ጋዝ አልፈጠሩም፣ ዝም ብለው ነው የደረቁት። ትንንሾቹ ደግሞ ጭረቱም የላቸው፣ ሳያብጡ ነው የሚሞቱት። ስለዚህ ዓይን በቂ አይደለም። ኢኤስአር የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ በእሱ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩን ሳታወጡ ቦርዱ ላይ እንዳለ መለካት ይቻላል፣ ኃይሉ ተነቅሎና ቻርጁ ወጥቶ ማለት ነው። ማይክሮፋራድ ብቻ የሚያሳይ መልቲሜትር ግን ያታልላል። 470 መሆን ያለበት 440 ብሎ ደህና መስሎ ይታይና ኢኤስአሩ ግን ሃያ እጥፍ ሆኖ ይገኛል።

መሣሪያ ከሌላችሁ የምወደውን መንገድ ልንገራችሁ። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ካፓሲተር ውሰዱ። ኃይሉን ንቀሉ። ቦርዱን ገልብጡና የተጠረጠረው ካፓሲተር እግሮች ላይ አዲሱን ደርቡት፤ ፖዘቲቩ በፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ በኔጋቲቭ፣ በሶልደር፣ በመበየጃው ቆርቆሮ፣ ለጊዜው ያዝ አድርጉት። ከዚያ ሰክታችሁ እዩ። ራውተሩ በአንዴ ከተነሳ ሕመምተኛው ያ ነው። ቀላል ነው፣ አይዋሽም።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። አንድ ጊዜ እየተነሳ የሚወድቅ ራውተር ላይ የኮንሶል ገመድ አስገባሁ፣ ራውተሩ ሲነሳ የሚጽፈውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለማየት። ከርነሉ፣ ማለትም የሶፍትዌሩ እምብርት፣ ይጫናል፣ ሜሞሪው ይቆጠራል፣ የኔትወርክ ፖርቶቹ ይነሳሉ፣ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ የዋይፋዩ ተራ ይደርሳል። መስመሩ መሃል ላይ፣ ቃሉ ሳያልቅ፣ ቁርጥ። ከላይ እንደገና ይጀምራል። አምስት ጊዜ አየሁት፣ አምስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ። ይሄን ያየ ሰው የዋይፋይ ድራይቨሩ ተበላሽቷል ማለቱ አይቀርም፤ እኔም አስቤዋለሁ። ግን የሶፍትዌር ስህተት ብዙውን ጊዜ ከመውደቁ በፊት ቅሬታ ይጽፋል፣ የስህተት መልእክት ይተዋል። ይሄ ምንም አልተናገረም። በቃል መሃል ዝም የሚል ነገር ኃይል የተቋረጠበት ነው። የ3.3 ቮልቱን ካፓሲተር ቀየርኩት፤ ዋይፋዩ ተነሳ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኃይሉ በሚወላውል ራውተር ላይ ፈርምዌር አትጫኑ። ወደ ፍላሽ ሜሞሪው እየተጻፈ እያለ ቮልቴጁ ከወደቀ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ያኔ ሁለት በሽታ አለባችሁ። በሁለት ካፓሲተር የሚድን የነበረ ዕቃ ጭራሽ የማይነሳ ይሆናል። እንዲህ ሆነው የመጡ አጋጥመውኛል፤ አንዳንዶቹን ማዳን አልቻልኩም።

መለዋወጫ ስትመርጡ ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን። ትንሽ ቢበልጥ ችግር የለም፣ ሦስት እጥፍ ማድረግ ግን ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ ሲሰካ የሚስበው ከረንት ይበዛል፣ ቺፑም ላይረጋ ይችላል። ቮልቴጁ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ 12 ቮልት መግቢያ ላይ 16 ቮልት ከነበረ እኔ 25 ቮልት አስገባለሁ። ሙቀቱ 105 ይሁን። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ ኢኤስአሩ ዝቅተኛ የሆነ ዓይነት መሆን አለበት። ቁጥሩም መልኩም አንድ የሆነ ተራ ካፓሲተር ብታስገቡ ለሳምንት ይሠራና ይመለስባችኋል፤ ለዚህ ፍጥነት አልተሠራማ። ስፋቱንም ለኩ። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እግሮቹ በ3.5 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ 10 ሚሊሜትር ያለው በ5። ክዳኑ እንዲዘጋ ቁመቱንም እዩ።

ኒቺኮን፣ ሩቢኮን፣ ፓናሶኒክ፣ ኒፖን ኬሚኮን የታወቁ የጃፓን አምራቾች ናቸው፤ ጥሩ ናቸው። ስማቸው ግን ስለሚሸጥ አስመስለው የሚሠሩ አሉ፤ ከምታምኑት ሰው ግዙ። ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቅሎ ማስገባትን ለምርመራ ካልሆነ አልደግፈውም። የዚያም ዕድሜ አብሮ ተበልቷል። ፈሳሽ የሌለው ፖሊመር የሚባል ዓይነትም አለ። አይደርቅም፣ ኢኤስአሩም በጣም ዝቅተኛ ነው። ቢሆንም በጭፍን ሁሉም ቦታ አታስገቡት፤ አንዳንድ የድሮ ቺፖች እንዲረጉ መጠነኛ ኢኤስአር ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ በመውጫው በኩል ከመቀየራችሁ በፊት የቺፑን ዳታሺት፣ የአምራቹን መግለጫ፣ አንብቡ።

ወደ ሶልደሩ እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ብዙ ቦርድ የሚሞተው። የካፓሲተሩ ኔጋቲቭ እግር ከትልቅ የመዳብ ሜዳ ጋር ስለተያያዘ ሙቀቱን ይመጥጥባችኋል። አንዱ እግር ወዲያው ይቀልጣል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። ያኔ ሰው ይበሳጭና ይጎትታል። አትጎትቱ! ቀዳዳው ውስጥ ያለው መዳብ አብሮ ይነቀላል። ይልቅ እግሩ ላይ አዲስ እርሳስ ያለበት ሶልደር ጨምሩበት። ፋብሪካው የተጠቀመው እርሳስ የሌለበት ከሆነ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ 63 ለ37 የሚባለው የእርሳስ ሶልደር ግን 183 ላይ ይቀልጣል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሥራው ይቀላል። ጫፉ ወፈር ያለ ማሞቂያ ተጠቀሙ፣ ወደ 350 ዲግሪ፣ ሶልደሩ በደንብ እንዲፈስስ የሚያደርገውን ፍለክስ አድርጉበት። አንዱን እግር አሙቁና ካፓሲተሩን በትንሹ አዘንብሉት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ የመጀመሪያውን፣ እንደ ወተት ጥርስ እያነቃነቃችሁ። ይወጣል። ቀዳዳው ከተደፈነ ከሥር እያሞቃችሁ ከላይ በስቴኪኒ ግፉት። እንጨት ስለሆነ ሶልደሩ አይዘውም። ያፈሰሰ ካፓሲተር ከነበረ ቦታውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ፤ ፈሳሹ ከቀረ የመዳብ መስመሩን ይበላዋል። ጭሱን አትተንፍሱት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።

አቅጣጫ! ቆርቆሮው ጎን ላይ ያለው ነጭ ወይም ወርቃማ መስመር ኔጋቲቩን ያሳያል፤ አዲስ ከሆነ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ቦርዱ ላይ ደግሞ ከክቡ ግማሹ ይቀለማል፣ ብዙ ጊዜ የተቀለመው ኔጋቲቭ ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ተቃራኒውን የሚያቀልሙ ቦርዶች አሉ። አንድ ጊዜ የቦርዱን ቀለም አምኜ አስገባሁ። ሰካሁት። ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደ ርችት ጮኸ፤ ፊቴ ቅርብ ነበር። ዓይኔ የተረፈው መነጽር አድርጌ ስለነበር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልነቅል በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ መጀመሪያ ሲሰካም ፊቴን አላቀርብም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ እባካችሁ።

አንዱ ከሞተ በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ወንድሞቹንም ቀይሩ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ ያዩት ሙቀት አንድ ነው። ብዙ ራውተር የምታስተዳድሩ ደግሞ አንድ ዓይነት ሞዴል በአንድ ጊዜ ገዝታችሁ ከተከላችሁ በአንድ ሰሞን መውደቅ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ሲወድቅ ሦስተኛውን አትጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እያንዳንዱ ራውተር ሳይጠፋ በተከታታይ የሠራበትን ሰዓት መዝግቡ፤ ማንም ሳይነካው እየጠፋ እንደገና እየተነሳ ከሆነ፣ በተለይ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ካፓሲተሩ እየጠራችሁ ነው።

የማይጠገንም አለ። መብረቅ የመታው፣ ፕሮሰሰሩ ገና ሲሰካ እጅ የሚያቃጥል፣ የተሳሳተ ቮልቴጅ ገብቶበት ቺፑ የተሰነጠቀ፤ እሱ ላይ ካፓሲተር መቀየር ጊዜ ማጥፋት ነው። ከአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መምጣት ያቆመ አሮጌ ራውተርም ሃርድዌሩ ቢድን እንኳ የኔትወርካችሁ በር ላይ ዘብ አድርጋችሁ ልታቆሙት አይገባም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ፣ «ተጠግኗል የምንለው መቼ ነው? እንደተነሳ ነው?» ብላ ጠየቀች። አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ሞቆ መነሳትማ በሽተኛውም ይነሳል። የወዳጄን ራውተር ካፓሲተሮቹን ከቀየርኩ በኋላ ወዲያው ነበር የተነሳው፤ ግን አልመለስኩለትም። ክዳኑ ውስጥ የቀየርኩበትን ቀን በማርከር ጻፍኩ፣ ብሎኖቹን አሰርኩ፣ አጠፋሁት፣ መስኮት ሥር አሳደርኩት። በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኑ ሲነካ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ሰካሁት። ፓወር፣ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ መብራቶቹ በየተራ በሩና ሳይጠፉ ቆዩ። ያኔ ነው ደውዬ፣ ና ውሰድ ያልኩት።